አዲሱን ዕቃ አታስረጁት

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ፣ ሱቄ ውስጥ ሁለተኛውን ቡና ልጠጣ ስል አንድ ወጣት ገባ። በፌስታል የጠቀለለውን ፈታ። በፍየል ቆዳ ላይ የተሳለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ የሦስት መቶ ዓመት ሥዕል ነው። ጀርመን የሚገዛኝ ሰው አለ፤ እንዴት እንደሚላክ ያሳዩኝ» አለኝ። ተቀብዬ አሸተትኩት። ጭስ ጭስ ይላል። በአውራ ጣቴ ሳሸው ጥቀርሻው ለቀቀ። «የት ነው ያጨስከው?» ስለው ሳቁ አመለጠው። «እማዬ እንጀራ ስትጋግር ከምድጃው በላይ ሰቅዬው ነው።»

ልጁን አልተቆጣሁትም። እጁ ጥሩ ነው፤ ፈረሱን ያየ ሰው ይመሰክራል። ግን ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። መሶብ፣ አገልግል፣ ሥዕልና የብር ጌጥ ወደ ውጭ ስልክ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱትን አንድ በአንድ መናገር ስለሰለቸኝ ልጻፈው አልኩ።

አዲሱን አሮጌ ማስመሰል

ከሁሉም የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ሥዕሉን ያጨሱታል። ብራናውን ሻይ ውስጥ ይነክሩታል። የእንጨት መስቀሉን ጓሮ ቀብረው ክረምቱን ያሳልፉታል። ከዚያ «ጥንታዊ» ይሉታል። አሮጌ ዕቃ ውድ ነው ተብሎ ስለሚወራ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። በእኛ አገር ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ከአገር የሚወጣው ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ሲፈቀድ ነው። ለሽያጭ አይወጣም። እንግዲህ ዕቃህን «የሦስት መቶ ዓመት ነው» ስትል ምን እያልክ ነው? «ይሄ ሊላክ የማይችል ዕቃ ነው» እያልክ ነው። ካመኑህ ይያዝብሃል። ካላመኑህ ደግሞ አጭበርባሪ ነህ። በየትኛው በኩል ነው የምታተርፈው?

ጀርመን ያለው ገዢም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀበልም። የአውሮፓ ኅብረት ከአገሩ በሕገወጥ መንገድ የወጣ ቅርስ እንዳይገባ ከልክሏል። እንደ እነሱ አቆጣጠር ከሰኔ 2025 ወዲህ ደግሞ ከመሬት ለተቆፈረና ከ250 ዓመት በላይ ለሆነ ዕቃ የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሌላውም ቢሆን ከ200 ዓመት በላይ ከሆነና ዋጋው 18,000 ዩሮ ከደረሰ አስመጪው ከየት እንደመጣ ፈርሞ ማሳወቅ አለበት። ልጁ ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ አዲስ ነው ልበል?» አለ። አዎ! አዲስ ነው በል። አዲስ እኮ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሠዓሊ 12 ሥዕል ገዝቼ ላክሁ። ሰውዬው ለማሳመር ብሎ ጠርዝ ጠርዙን በሻይ ቀብቶታል። እኔም አይቼ ዝም አልኩ፤ ስንፍና ነው። ፍተሻ ላይ ሥዕሎቹ ለብቻቸው ተቀመጡ። «አዲስ ነው» ብንል ማን ይስማን፤ አሮጌ እንዲመስል የለፋነው ራሳችን ነን። በመጨረሻ ሠዓሊውን ከነብሩሹ አዲስ አበባ ድረስ ወሰድኩት። ተቀምጦ ለፈታሾቹ አንድ መልአክ ሳለላቸው። ዓይኑን፣ ጣቱን፣ የክንፉን አጣጣል ከያዙት ጋር አስተያይተው ለቀቁን። እስከዚያው ሁለት ወር አልፏል። ገዢዬ ለገና ገበያ ብሎ ነበር ያዘዘው። ገናው አለፈ፣ ገዢውም አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ቀላል ነው። ሠዓሊው ከሥዕሉ ጀርባ ስሙን፣ ከተማውንና ዓመተ ምሕረቱን በእጁ ይጽፋል። ሲሠራ በስልክ ፎቶ እናነሳዋለን። ገዢዎችም ይህን ይወዱታል። ሻይ ከተቀባ ብራና ይልቅ የሚስለውን ሰው ፊት ማየት ይፈልጋሉ። ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ለማውጣትም ሥራው ይቀላል።

የልጁን ቅዱስ ጊዮርጊስ እኔው ገዛሁት። ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክረምት ሲገባ አሁንም ጭስ ጭስ ማለቱ አይቀርም።

«አንቲክ» የምትለዋን ቃል ኢንቮይስ ላይ መጻፍ

ይሄ የዚያው ወንድም ነው። አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ባለፈው ዓመት የተሰፋ መሶብ ስትልክ ኢንቮይሱ ላይ «አንቲክ መሶብ» ብላ ጻፈች። ለምን ስላት «ደስ ይላል ብዬ ነው፣ እንደ ቁልምጫ» አለችኝ። እቴዋ፣ ጉምሩክ ቁልምጫ አያውቅም! በታሪፍ መጽሐፉ 97.06 የሚባለው ቁጥር ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ ማለት ነው። ስፌት 46.02 ነው። የእንጨት ቅርጻቅርጽና ጌጥ 44.20 ነው። በእጅ የተሳለ ሥዕል 97.01 ነው። ትራንዚተራችሁ፣ የጉምሩክ ወረቀቱን የሚጨርስላችሁ ሰው፣ ያውቀዋል ብላችሁ አትተዉት፤ ትራንዚተሩ የሚሞላው እናንተ የነገራችሁትን ነው።

1780

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ጠገራ ብር ይዞ ያልተመለሰ ጀማሪ የለም። ሳንቲሙን ያገላብጣል፣ 1780 የሚል ያያል፣ ልቡ ይቆማል። «ጋሼ፣ የ240 ዓመት ብር አገኘሁ!»

አብሽር፣ ቁጭ በል። ምስሏ ጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በዚያው በ1780፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ነው። ከዚያ በኋላ ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይቀየር መታተሙን ቀጠለ። ቪየና ታትሟል፣ ሮም ታትሟል፣ ለንደንና ቦምቤይም ታትሟል። ጣሊያን በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ ማተሚያውን ወስዶ ሮም ላይ እንዳሳተመው እንኳ የታወቀ ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። እጅህ ላይ ያለው አያትህ ልጅ ሳሉ የተመታ ሊሆን ይችላል። ብሩ ግን ደህና ብር ነው። ከሺህ 833 ንጹሕ ብር አለው፣ ክብደቱም 28 ግራም ገደማ ነው። አንጥረኞቻችን መስቀሉንም አምባሩንም ድሪውንም ከእሱ እያቀለጡ ነው ሲሠሩ የኖሩት። 22 ግራም ከመዘነ ወይም ማግኔት ከሳበው ደግሞ ፎርጅድ ነው፤ ጠገራም አይደለም፣ ብርም አይደለም።

እኔ ራሴ ስጀምር 11 ጠገራ «የ1780» ብዬ በጥንታዊ ሳንቲም ዋጋ ገዝቼ ነበር። ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አሉ። ለማንም አላሳይም።

ከየት መጣ ብሎ አለመጠየቅ

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። እኛ የምንኖረው ወሎ ውስጥ ነው። መቅደላ የእኛው ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከዚያ የዘረፉትን ዘውድና የብራና መጽሐፍ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ነው የተሸከመው። እስከ ዛሬ ይመለስልን እያልን ነው። በ2014 ጦርነት ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። እንግዲህ አንድ ሰው ማታ በር አንኳኩቶ ጋሻ ወይም የብራና መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ማን ያውቃል? የሙዚየሙ ቢሆንስ? የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቢሆንስ? የሼኾቹ የእጅ ጽሑፍ፣ ከመድረሳ የወጣ ኪታብ ቢሆንስ? አይገዛም። «ርካሽ ነው» ቢሏችሁም አይገዛም። ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

ያረጀ ዕቃ በውርስ እጃችሁ ላይ ካለ ማስመዝገብ እንጂ መላክ የለም።

ቀንድ፣ ጥርስ፣ ቆዳ

የዝሆን ጥርስ አይነካም። ጌጥም ይሁን አምባር፣ የአያትም ይሁን የቅድመ አያት። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አቃጥሏል፤ እናንተ አንዷን አምባር ሻንጣ ውስጥ ደብቃችሁ ልታሳልፉ? የነብር ለምድና የጉሬዛ ቆዳም እንደዚያው ነው። የበሬ ቀንድ ዋንጫና በፍየል ቆዳ የተሸፈነ አገልግል ይላካል፤ የእንስሳት ጤና ወረቀት ግን ይዞ። አውስትራሊያ የምትልኩ ከሆነ ስፌቱም ሳይቀር ይፈተሻል። አንድ ነቀዝ ከተገኘበት ዕቃው በወጪ መድኃኒት ይታጠናል፣ ይመለሳል ወይም ይወገዳል።

መሶብን በክብደቱ ማስላት

ይህቺ የእኔ ናት፤ አምኜ ልናገር። የመጀመሪያ ትእዛዜ ስድስት ትልልቅ መሶብ ነበር። አንዱ 5 ኪሎ ይመዝናል። ስድስቱ 30 ኪሎ ብዬ ዋጋ ሰጠሁ። በአየር የሚያደርሰው ፈጣን መልእክት (ኩሪየር) ግን የሚያስከፍለው ከክብደቱና ከሚይዘው ቦታ በበለጠው ነው። ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲ ሜትር ታባዛለህ፣ ለ5,000 ታካፍላለህ። የእኔ ካርቶን 60 በ60 በ70 ነበር። 50 ኪሎ ከምናምን ወጣ። አንዱ! ስድስቱ 300 ኪሎ ተቆጠረብኝ። ዋጋውን ከነገርኩት ገዢ መጨመር አፈርኩ። ከኪሴ ከፈልኩ። የዚያን ዓመት ትርፌ እዚያው በላው።

አሁን መሶብ ሰፊዎቹን ልክ በልክ አሠራቸዋለሁ። ትንሹ መሶብ ትልቁ ውስጥ ይገባል፣ በውስጡ ሌላ ትንሽ ይገባል፣ ክፍተቱን ዝርግ ስፌት ይሞላዋል። ሰፊዎቹ እናቶች መጀመሪያ ስቀውብኛል። «ልጄ፣ መሶብ ያረገዘ እስኪመስል ልታጭቀው ነው?» ያሉኝ አሉ።

ያልደረቀ የዘይት ቀለም መጠቅለል

የዘይት ቀለም ላዩ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ለወራት ይቆያል። የደሴ ጉም ደግሞ ይታወቃል። እኔ ሥዕሎቹን ኮምቦልቻ አውርጄ አስደርቃለሁ፤ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ሌላ አየር ነው የምታገኙት። ስትጠቀልሉ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን። ብዙዎች እንዳይጫር ብለው ወደ ውስጥ ያደርጉታል፤ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ ቀለሙን አይንካው፤ ንጹሕ ወረቀት ጣልቃ ይግባ። ቱቦው ቀጭን አይሁን።

የእንጨት ሣጥን ካሠራችሁ እንጨቱ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ የታከመና ማኅተም ያለበት ይሁን። ሰፈር አናጢ የቸነከረው ሣጥን ወደብ ላይ ያስለቅሳችኋል።

ገንዘቡ

«ላክልኝ፣ ስሸጥ እከፍልሃለሁ» የሚል የአገር ልጅ ውጭ አገር ሞልቷል። ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል። አንድ የእኔ ዘመድ እንደዚያ ብሎኝ አራት ዓመት ሆነው፤ በየበዓሉ ይደውላል፣ ጤንነቴን ይጠይቃል፣ እናቴን ይጠይቃል፣ ስለ ሥዕሎቹ ትንፍሽ አይልም። የላኪነት ፈቃድ አውጡ፣ ውል ይኑራችሁ፣ ክፍያው በባንክ ይምጣ። ትንሽ ትእዛዝ ከሆነ ሙሉውን ቀድመው ይክፈሉ። ትልቅ ከሆነ የዕቃው ሰነድ በባንክ በኩል ይሂድ፣ ገዢው ሳይከፍል ሰነዱን አይውሰድ። ዘመድም ቢሆን። ዘመድ ከሆነማ ይበልጥ።