«ፋይን» ሲሏችሁ ቶሎ አትደሰቱ፦ በቀላል የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝኛ ላይ ጉድ የሚሠራን ከባዱ ቃል አይደለም። ከባዱን ስናይ እንጠነቀቃለን፤ ወይ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፣ ወይ ሰው እንጠይቃለን። የሚጥለን ከልጅነታችን የምናውቀው ቃል ነው። «ራን»፣ «ፑት»፣ «ፓስ»፣ «ቻርጅ»፣ «ፋይን»። «ይሄንማ አውቀዋለሁ» ብለን እናልፈዋለን። ከዚያ መንገድ ዳር የተተከለው ሰሌዳ «ፋይን 50 ዶላር» ሲል ደህና ነው ያለን መስሎን መኪናችንን አቁመን እንሄዳለን። እዚያ ጋ ፋይን ማለት ቅጣት ነው።

ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ እትሙን ሲያወጣ ከሁሉም ሰፊውን ቦታ የያዘው «ሴት» የሚለው ግስ ነበር፤ ማስቀመጥ የሚለው እንጂ የወንድ ተቃራኒዋ አይደለችም። ዛሬ መሪነቱን «ራን» ወስዷል። ለዚህ ቃል አዘጋጆቹ በግስነቱ ብቻ ከ600 በላይ ፍቺ ቆጥረዋል። ይሄን ሁሉ ማን ያጠናዋል? ማንም። የለንደን ልጅም አያጠናውም። የት የት ላይ እንደምንሳሳት ማወቅ ግን ይቻላል።

አንድ ቃል፣ አንድ ፍቺ ብሎ መያዝ

የቃላት ደብተር ያልነበረው ተማሪ የለም። ገጹ መሃል ለመሃል ይሰመራል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ በመካከላቸው የእኩል ይሆናል ምልክት። «ራን» እኩል ይሆናል ሮጠ። አለቀ።

ችግሩ ያ ምልክት ነው። ሱቅ «ራን» የምታደርግ ሴትዮ አትሮጥም፤ ሱቁን ታስተዳድራለች። ለከንቲባነት «ራን» ያደረገ ሰው ተወዳደረ እንጂ አልሮጠም። አፍንጫው «ራን» የሚያደርግ ልጅ ንፍጡ እየወረደ ነው። አውቶቡሱ በየ20 ደቂቃው ይመላለሳል፣ የቀዩ ካልሲ ቀለም ነጩ ሸሚዝ ላይ ለቀቀ፣ ሞተሩ አልጠፋም፣ እየሠራ ነው፤ ይሄ ሁሉ «ራን» ነው።

አማርኛውም እኮ ያው ነው፤ ስለለመድነው አይታየንም። «ያዘ»ን ውሰዱ። ሌባ ያዘ። ጉንፋን ያዘኝ። ታክሲ ያዝኩ። ቀጠሮ ያዝኩ። ቂም ያዘ። አማርኛ ለሚማር ፈረንጅ «ያዘ እኩል ይሆናል በእጅ ጨበጠ» ብለን ብንሰጠው ጉንፋኑ በየትኛው እጁ እንደጨበጠው ሲያስብ ይውላል።

ደብተሩን አትጣሉት። በቀኝ በኩል ግን ፍቺ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ቃሉን ባዶውን አያስቀምጥም፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ያሳያል። ዛሬም ከብዙ የስልክ መተግበሪያ ይሻላል ባይ ነኝ።

አማርኛ የተዋሰውን ፍቺ ብቻ ይዞ መሄድ

አማርኛ ቃል ሲዋስ ከነሙሉ ጓዙ አያመጣውም። የሚፈልገውን አንዱን ፍቺ ይወስዳል፣ ሌላውን እዚያው ይተወዋል። እኛ ደግሞ ቃሉ ከአፋችን ስለማይጠፋ ሙሉውን የምናውቀው ይመስለናል።

«ሰርቪስ» አዲስ አበባ ላይ ሠራተኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ነው፤ አለዚያም ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉት ክፍሎች። እንግሊዝኛው ጋ ግን የእሑድ ጸሎትም «ሰርቪስ» ነው፣ የቀብር ሥነ ሥርዓትም፣ የመኪና ምርመራና ጥገናም። «ወንድሜ ሰርቪስ ውስጥ ነው» የሚል አሜሪካዊ ወንድሙ ወታደር ነው ማለቱ እንጂ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሯል ማለቱ አይደለም።

«ቻርጅ» ስንል የሚመጣብን ስልክ ነው። ሆቴሉ «ቻርጅ» ካደረገ ግን አስከፈለ። «ኢን ቻርጅ» የተባለው ሰውዬ ኃላፊው ነው። «ፍሪ ኦቭ ቻርጅ» በነፃ ነው። በሬ «ቻርጅ» ካደረገ ሽሹ። ዐቃቤ ሕግ ካደረገው ደግሞ ክስ ነው። ስለዚህ ከፍርድ ቤት በመጣ ደብዳቤ ላይ «ቻርጅስ» የሚል ካያችሁ፣ የሚከፈል ሂሳብ ነው ብላችሁ ገንዘብ ከመፈለጋችሁ በፊት ጠበቃ ፈልጉ።

ጭራዋን መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት። እንግሊዝኛ ቀላል ግስ ይወስድና ከኋላው «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን» የምትል ትንሽ ቃል ይቀጥልበታል። ያኔ ነገሩ ሌላ ይሆናል። «ፑት» ማስቀመጥ ነው። «ፑት ኦን» መልበስ ነው። «ፑት ኦፍ» ለሌላ ቀን ማስተላለፍ። «ፑት አውት» እሳት ማጥፋት። «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ ችሎ መኖር፤ ጎረቤትን፣ ጫጫታን፣ አማትን።

እኛም በራሳችን መንገድ ይሄንኑ እናደርጋለን። ተራራ ወጣ፣ ስም አወጣ፣ ግዴታውን ተወጣ። አንድ ግስ ነው፤ ፊቱ ላይ የሚጨመረው ነገር ይለያያል። እነሱ ጭማሪውን ከኋላ ያመጡታል። ዓይናችን ደግሞ የቃሉን ፊት እንጂ ኋላውን መጠበቅ አልለመደም። «ፑት»ን አንብበን ጨረስን ስንል ዋናው ነገር ገና እየመጣ ነው። ይባስ ብሎ ጭራዋ ርቃ ልትቀመጥ ትችላለች። «ፑት ዘ ፋየር አውት» ሲሉ እሳቱ መሃል ገብቷል፤ ማጥፋት መሆኑ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ይሄ ነገር ዋጋ የሚያስከፍለው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ፈተና «ፓስ» ያደረገ ሰው አለፈ። «ፓስ አውት» ግን ራስን ስቶ መውደቅ ነው። «ፓስ አዌይ» መሞት። ነርሷ ደውላ አባታችሁ «ፓስድ አውት» ስትላችሁ ለቅሶ አትቀመጡ፤ ቶሎ ሂዱና እዩዋቸው።

አባታችሁ የሆድ ቀዶ ሕክምና አድርገው ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ገብታ «ሃቭ ዩ ፓስድ ጋዝ?» ትላቸዋለች። የኛ ሰው ጋዝ ሲባል የሚታየው ላምባ ወይም የማብሰያው ሲሊንደር ነው። አሜሪካ ከከረመ ደግሞ ቤንዚን። ነርሷ የጠየቀችው ፈስ ወጥቶዎታል ወይ ብላ ነው። ቀልድ አይደለም፤ አንጀት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሥራ መጀመሩን ከሚናገሩት ምልክቶች አንዱ እሱ ነው። ጥያቄው ያልገባቸው አባት ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ «ኖ፣ ኖ» ይላሉ፤ ይሄም መዝገባቸው ላይ ይሰፍራል። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ብትተረጉምም ያው ነው፤ አባቷን እንደዚያ ብላ መጠየቅ ያሳፍራታል፣ አለሳልሳ ሌላ ነገር ትላለች። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ጠይቁ።

እዚያው ሳለን፦ «ስሮው» መወርወር ነው፣ «ስሮው አፕ» ማስመለስ። «ስቱል» በርጩማ ነው፣ ሰገራም ነው። ላብራቶሪው «ስቱል» አምጡ ሲል መቀመጫ አይደለም የፈለገው።

አንዳንዴ ጭራዋ ከኋላ ተነስታ ፊት ላይ ትለጠፋለች፤ ያኔ ትርጉሙ ሊገለበጥ ይችላል። «ሉክ ኦቨር» አንድን ነገር አየት አየት አድርጎ መመርመር ነው። «ኦቨርሉክ» ሳያስተውሉ ማለፍ። ለአለቃችሁ «ሪፖርቱን ኦቨርሉክ አድርጌዋለሁ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሳላየው አለፍኩት ነው ያላችሁት። «ቴክ ኦቨር» ሥራ ወይም ድርጅት መረከብ ነው፤ «ኦቨርቴክ» መኪና መቅደም።

ጥምር ቃልን ከፊት ጀምሮ መፍታት

ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን። ከግዕዝ የመጡት ጥምር ቃላት ዋናውን ነገር ከፊት ያስቀምጣሉ፤ ቤት መሆኑን መጀመሪያ ትሰማላችሁ፣ የምን ቤት እንደሆነ ቀጥሎ። የእንግሊዝኛው ጥምር ቃል ተቃራኒ ነው፤ ዋናው ከኋላ ነው። «ሬስሆርስ» ፈረስ ነው፣ የውድድር ፈረስ። «ሆርስ ሬስ» ውድድር ነው፣ የፈረስ ውድድር። «ሃውስቦት» ሰው የሚኖርበት ጀልባ፤ «ቦትሃውስ» ጀልባ የሚቀመጥበት ቤት። ግራ ሲገባችሁ ከመጨረሻው ቃል ጀምሩ፤ «የ»ን እየጨመራችሁ ወደፊት ተመለሱ። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሁሌ አይሠራም። የሁለቱ ቃላት ዝምድና የሚታወቀው ከኑሮ ነው። «ፋየርፋይተር» እሳትን የሚዋጋ ነው። «ፍሪደም ፋይተር» ነፃነትን የሚዋጋ መሆን ነበረበት፤ ለነፃነት የሚዋጋ ሆነ። ሎጂክ አትፈልጉለት። «አንደርቴክ» አንድን ሥራ ተቀብሎ መሥራት ነው። ስለዚህ ሥራ ወዳድነቱን ለማሳየት ሲቪው ላይ «አንደርቴከር ነኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። አንደርቴከር ቀብር አስፈጻሚ ነው። አስከሬን የሚገንዘው፣ ሣጥን የሚያዘጋጀው።

አነባበቡም አለ። «ግሪንሃውስ» ሲባል ድምፁ «ግሪን» ላይ ከጠነከረ ዝዋይ አካባቢ አበባ የሚበቅልበት ያ የፕላስቲክ ቤት ነው። «ሃውስ»ም እኩል ከጠነከረ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት ነው። «ዋይት ሃውስ»ም እንደዚሁ፤ ፕሬዚዳንቱ ያሉበት የፊተኛው ቃል የሚጠነክረው ነው። አማርኛ ላይ እንዲህ ያለ የድምፅ መጠንከር ቃልን ከቃል ስለማይለይ ጆሯችን አይይዘውም። ዜና እየሰሙ ድምፁ የቱ ላይ እንደሚጠነክር መከታተል ይጠቅማል።

«ራይት ኦቭ ዌይ»ን የቀኝ መንገድ ማድረግ

አሜሪካ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ይሄን ያውቃል። «ራይት» ቀኝ ነው፣ ትክክል ነው፣ መብት ነው። የመንጃ ፈቃዱ ፈተና «ራይት ኦቭ ዌይ ያለው የትኛው መኪና ነው?» ሲል አንዳንዱ ሰው በቀኝ ያለውን ይመርጣል። ጥያቄው ግን ቅድሚያ ያለው የቱ ነው የሚል ነው። ክፋቱ፣ ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣ መኪና ሁሉ ቆሞ ማለፍ ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች እኩል ከደረሱ ቅድሚያው በርግጥም በቀኝ በኩል ላለው ነው። ስለዚህ በስህተት አስቦ ትክክል ይመልስና በሚቀጥለው ጥያቄ ይወድቃል።

«ይልድ» ገበሬው ጋ ምርት ነው፣ መንገድ ላይ ቅድሚያ ስጥ። «ሾልደር» ትከሻ ነው፣ መንገድ ላይ ከነጩ መስመር ውጭ ያለው ዳር። ፖሊስ «ፑል ኦቨር» ሲል ጎትት ማለቱ አይደለም፤ ዳር ይዘህ ቁም ነው።

እንግሊዝኛ ሁሉ አንድ ነው ማለት

እኛ አገር ሕንፃ ላይ ግራውንድ አለ፣ ከዚያ በላይ አንደኛ ፎቅ ይመጣል። እንግሊዝም እንደዚያ ነው። አሜሪካ ግን «ፈርስት ፍሎር» ብዙ ጊዜ ግራውንዱ ራሱ ነው። ቀጠሮ ያለው ሰው አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ በር ሲያንኳኳ ይገኛል።

«ቴብል» ደግሞ የለየለት ነው። አንድን ሐሳብ «ቴብል» ማድረግ እንግሊዝ አገር አሁን እንወያይበት ብሎ ማቅረብ ነው፤ አሜሪካ ለጊዜው ይቆይ ብሎ ማስቀመጥ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሁለቱ አገር የጦር ሹማምንት በዚህ ቃል ረጅም ሰዓት ሲጨቃጨቁ እንደቆዩ ዊንስተን ቸርችል ጽፏል። ሁለቱም ወገኖች የፈለጉት አንድ ዓይነት ነገር ነበር።

እዚያው አገር ውስጥ እንኳን ራሱን የሚቃረን ቃል አለ። በየዜናው የምንሰማው «ሳንክሽን» ማዕቀብ ነው። ምክር ቤት አንድን ነገር «ሳንክሽን» አደረገ ሲባል ግን ፈቀደ፣ አጸደቀ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን መስመር ሳታነቡ አትወስኑ።

ቃሉን ነጥሎ ስልክ ላይ መለጠፍ

ጉግል የአማርኛ ትርጉም ከጀመረ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ቀንሷል። አይፈረድም፤ ያፋጥናል። ግን «ኢንተረስት» ብላችሁ ብቻውን ስታስገቡ ፍላጎት ሊላችሁ ይችላል፤ ከባንክ በመጣው ደብዳቤ ላይ ያለው ወለድ ነው። «ሊቭ» ብቻውን ሲገባ መሄድ፣ መተው ይላል፤ መሥሪያ ቤቱ የጻፈው «ሲክ ሊቭ» የሕመም ፈቃድ ነው። ቃሉን አትንቀሉት። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ ቢቻል ከፊቱና ከኋላው ያለውንም ጨምራችሁ አስገቡ።

ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪም በዚሁ ይጠቀማል። ምንባቡ ላይ የተሰመረበት ቃል ቀላል ሆኖ ካገኛችሁት ጠርጥሩ፤ ፈታኙ እንዲሁ አላሰመረበትም። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ ደብተራችሁ ላይ ያለው ፍቺ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ማጥመጃው እሱ ነው። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ በቃሉ ቦታ እየተካችሁ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት።