«ደበረኝ» ከማለታችን በፊት፦ ልብ ወለድና የፍቅር መጽሐፍ አንብበን የምንሳሳታቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር የምንገናኝ አምስት ሰዎች አለን። አንዲት ነርስ፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪ፣ ባጃጁን አቁሞ የሚመጣ አንድ ልጅ፣ ታላቅ እህቴና እኔ። ቡና እየጠጣን ስላነበብነው መጽሐፍ እናወራለን። ቦታውን የመረጥነው ለስሙ ብለን አይደለም፣ ጥላው ደስ ስለሚል ነው።

ስንጨቃጨቅ ከርመን አንድ ነገር ገባኝ። አብዛኛው ጭቅጭቅ ስለ መጽሐፉ አልነበረም። አንዱ የተሰማውን ይናገራል፣ ሌላው እንደ ፍርድ ይሰማዋል። ከዚያ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

በአንድ ቃል መጨረስ

«አሪፍ ነው።» «ደበረኝ።» «ልብ ይነካል።» እነዚህ ቃላት ውሸት አይደሉም፣ ግን ምንም አይነግሩንም። ባጃጅ ነጂው ልጅ አንድ ቀን «ደበረኝ» ብሎ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «የቱ ጋ ነው የደበረህ?» አልነው። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና አንድ ቦታ አሳየን። ሰውየው መስኮት ዳር ቆሞ ያስባል፣ አራት ገጽ ሙሉ።

«አራት ገጽ ምን ያስባል? ዝም ብሎ አይወጣም?»

ስንጠይቀው ለካ የሚያነበው ሁሌም ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው። ያቺ አራት ገጽ በሦስት ተሳፋሪ ተቆራርጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት እቤቱ ተቀምጦ አነበባት። «አሁንም ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ለምን እንደቆመ ገብቶኛል» አለ። ይሄ ከ«ደበረኝ» በጣም የተሻለ አስተያየት ነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ እርሳስና ትንሽ ደብተር ይዤ ነው የማነበው። የገጹን ቁጥርና ሁለት ሦስት ቃል ብቻ እጽፋለሁ፦ «ገጽ 84፣ ተናደድኩ።» «ገጽ 120፣ እንቅልፍ።» ምክንያቱን በኋላ እፈልገዋለሁ።

«መጨረሻው እኮ ይታወቃል»

ይሄ የሒሳብ አስተማሪው ስህተት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። የፍቅር መጽሐፍ በሰጠነው ቁጥር «ገና ገጽ 10 ላይ እንደሚጋቡ አውቄያለሁ» ብሎ ይመልሳል። እሺ፣ ሠርግ ሲጠራስ? «ሙሽሮቹ መጋባታቸው አይቀርም» ብሎ ቀርቶ ያውቃል? ከሁላችን ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

የፍቅር ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ዘውግ ነው። የአሜሪካ የሮማንስ ደራሲያን ማኅበር ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። የታሪኩ ማዕከል ፍቅር ይሁን፣ መጨረሻውም አንባቢን የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። ደስ የሚለው ፍጻሜ ገና ከሽፋኑ የተገባ ቃል ነው። ስለዚህ «ይጋባሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። መጠየቅ ያለበት «እስኪጋቡ ድረስ በመካከላቸው የቆመው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። እንቅፋቱ ከራሳቸው ጠባይ፣ ከቤተሰባቸው፣ ከኑሯቸው የመጣ ከሆነ እናምናለን። በአንድ ሚስኮል ሊፈታ የሚችል አለመግባባት 200 ገጽ ሲጎተት ግን መናደዳችን ትክክል ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እኔም እወረውራለሁ። የጄን ኦስተን ስድስቱም ልብ ወለዶች በጋብቻ ነው የሚያልቁት፤ በዚህ ምክንያት ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ከመደርደሪያ ያወረዳቸው የለም።

የነርሷ ስህተት ደግሞ ተቃራኒው ነበር። የፍቅር መጽሐፍ ትወዳለች፣ አንዱን በሁለት የሌሊት ተረኝነት ትጨርሳለች። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚያው ልማድ ጀመረችው። ጨርሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ተቆጥታለች። «እንዴት አያገናኛቸውም? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«ርዕሱ ላይ መቃብር ተጽፎ እያየሽ?» አላት አስተማሪው።

ማልቀሷ ልክ ነው። ክሷ ግን ያልተገባ ቃል መጠየቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ፍቅሩን እንደ ክር ይዞ ነው የሚሄደው። ክሩ ላይ የተንጠለጠለው የትውልድ ክብር ነው፣ ግብር ነው፣ የባላባትና የገበሬ ጠብ ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት፣ በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ የስለት ልጅ ነው። ይሄንን ሚስኮል አይፈታውም።

የሰሙትን እንዳነበቡት መቁጠር

አጭር ናት፣ ግን የእኛ አገር ስህተት ናት። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ተርኮታል፣ ዛሬም ቅጂው ከስልክ ስልክ ይዞራል። እኔም ለዓመታት «አንብቤዋለሁ» ስል የነበረው ሰምቼው ነው። መጽሐፉን በእጄ ይዤ ስጀምር ጉዱ ካሳ በወጋየሁ ድምፅ ያናግረኝ ጀመር። አንዳንድ ቦታ ያስለቀሰኝ የሐዲስ ዓረፍተ ነገር ይሁን የወጋየሁ ድምፅ እስከዛሬ መለየት አልቻልኩም። መስማቱ ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። አስተያየት ስንሰጥ ግን የቱን እንደሆነ እንናገር።

ሰውየውን ጠልቶ መጽሐፉን ማውገዝ

የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን የሚወድ ሰው አላጋጠመኝም። ደራሲው እንድንወደው አልለመነንም። እንድናየው ነው የፈለገው፣ አንዳንዴም እንድንስቅበት። ገጸ ባሕርይ ሲያናድደን መጽሐፉ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

እህቴ ግን አንድ ቀን ይህን ሕግ አፈረሰችብኝ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን አንድ የፍቅር መጽሐፍ አዋስኳት። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። «ስሚ፣ ይሄ ሰውዬ ስልኳን ይበረብራል፣ ጓደኞቿን ያስቀራታል፣ ሥራ ቦታዋ ድረስ ይከተላታል። መጽሐፉ ‹እንዴት ቢወዳት ነው› ይለኛል። ፍቅር ነው ወይስ እስር?»

«ገጸ ባሕርይ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እሱ ባለጌ መሆኑን እኔ አውቄያለሁ። መጽሐፉ ያውቃል ወይ?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እስካሁን አላገኘሁም። መጽሐፉ የሰውየውን ነውር እያወቀ የሚያሳየን ከሆነ ጥላቻችን ለሰውየው ነው። መጽሐፉ ራሱ ነውሩን እንደ ጌጥ ካቀረበልን ግን ቅሬታችን መጽሐፉ ላይ ነው፣ ሙሉ መብታችንም ነው። የፍቅር መጽሐፍ ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ይምታታል፣ ምክንያቱም ቅናትን በፍቅር ስም ማሳለፍ ቀላል ነው።

ከመጽሐፉ ይልቅ የደራሲውን ዕጣ ማንበብ

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ሳነብ የመጀመሪያውን ግማሽ በዚህ ስህተት አበላሸሁት። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። በዓሉ ራሱ በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ በተረጋጋ ልብ ማንበብ ከባድ ነው። በየገጹ «ለዚህ ይሆን? ወይስ ለዚህች መስመር?» እያልኩ እንደ መርማሪ ስቆፍር፣ ፊያሜታ ጊላይ አጠገቤ አልፋ ሄደች። አዲስ አበባ ላይ እጮኛውን ትቶ የመጣ ጋዜጠኛ፣ በጦርነት መሀል አስመራ ላይ በሌላ ሴት፣ በፊያሜታ፣ ፍቅር ይያዛል። ይሄ ታሪክ ነው፣ ያውም የሚያም። እኔ ግን ደራሲውን ፍለጋ ላይ ነበርኩ። የዕጣው ጥላ ከመጽሐፉ ላይ አይነሳም፣ መነሳትም የለበትም። ሁለተኛ ሳነበው ግን መጀመሪያ ልብ ወለዱን አነበብኩ፣ ከዚያ ነው በዓሉን ያሰብኩት።

ማፈርና ማስመሰል

በተማሪነቴ የፍቅር መጽሐፍ በጋዜጣ ለብጄ ነበር የማነበው፣ የታሪክ መጽሐፍ እንዲመስል። ጋዜጣው ራሱ የቆየ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ልብስ አገኘሁ። ሁሉም የሚያደንቀውን አንድ ከባድ ልብ ወለድ ገጽ 60 ላይ አቁሜው፣ ቡና ላይ «ጥልቅ ነው» አልኩ። አስተማሪው «የትኛው ክፍል?» ብሎ ጠየቀኝ። ባጃጅ ነጂው ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

አለመጨረስ ኃጢአት አይደለም። ስለ 60 ገጽ እንደ 400 ገጽ ማውራት ግን ነውር ነው።

በመጀመሪያው ንባብ መማል

በ18 ዓመቴ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለእኔ ሰብለና በዛብህ ብቻ ነበር። አበጀ በለው ገበሬዎቹን ይዞ ሲነሳ ገጹን እየዘለልኩ አለፍኩት፣ «ወደ ሰብለ መልሱኝ» እያልኩ። የበዛብህን እናት ውድነሽ በጣሙንማ ጨርሶ አላየኋትም።

ልጅ ከወለድኩ በኋላ እንደገና ከፈትኩት። ልጄ በሳምባ ምች ታማ ከሆስፒታል በወጣን ሰሞን ነው። ውድነሽ ልጇ እንዲያድግላት ለቤተ ክርስቲያን ስትሳል መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔም ያን ሳምንት ገብርኤል ደጃፍ ቆሜ ምን ምን እንደተሳልኩ አስታውሳለሁ። ለካ የፍቅሩ እንቅፋት አንዱ የእናት ፍቅር ነው። ልጇን ለማኖር የገባችው ቃል ነው ኋላ የሚያስረው። በ18 ዓመቴ ይሄ እዚያው ገጽ ላይ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልነበርኩት።

ደብተሬ ላይ ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ቀን እጽፋለሁ አሁን፣ ያነበብኩበትንና እንደገና ያነበብኩበትን።

የሌላውን አስተያየት አስቀድሞ መዋጥ

ሌላ ሰው «ታለቅሻለሽ» ብሎ ያዋሰኝ መጽሐፍ አስለቅሶኝ አያውቅም። እንባ ስጠብቅ ታሪኩ ያልፈኛል። ስለዚህ በቡድናችን አዋሽ ዝም ይላል፣ ጨርሰን ነው የምናወራው። የነርሷ ፊት ግን ዝም አይልም፣ እሱን ምን እናድርገው።

ያገለገለ መጽሐፍ ላይ ግን ይሄ ደንብ አይሠራም፣ አስተያየቱ ህዳጉ ላይ ተጽፎ ይመጣልና። ባለፈው ወር የገዛሁት የፍቅር መጽሐፍ አለ። ገጽ 147 ላይ ሰውየው ለሴትዮዋ «ካንቺ ሌላ ማንንም አላየሁም» ይላታል። አጠገቡ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ውሸታም!» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በእርሳስ፣ «አይደለም። እስከ 203 ታገሺ።»

እኔ 160 ላይ ነኝ። እርሳሴን ይዣለሁ፣ እስካሁን ምንም አልጻፍኩም።