ሄልሜት የታዘዘላቸውን መንታ ሕፃናት እንዴት መንከባከብ ይቻላል

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ መምከር ከጀመረ ወዲህ፣ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በአገሪቱ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ በአንጻሩ ራሳቸው ከኋላ ወይም ከአንድ ጎን ጠፍጠፍ ያለ ሕፃናት ቁጥር ጨምሯል። ሐኪሞች ፕላጂዮሴፋሊ የሚሉት ይህ ሁኔታ በመንታዎች ላይ ይበረታል። ማኅፀን ለሁለትና ለሦስት ይጠባል፤ በተለይ ከታች የሆነው ጽንስ ራሱ በእናቱ ዳሌ ተይዞ ይቆያል። ብዙዎቹ ጊዜያቸው ሳይደርስ ስለሚወለዱ የራስ ቅላቸው ገና ለስላሳ ነው፤ ከተወለዱም በኋላ እናት አንዱን ስታጠባ ሌላውን ማስተኛቷ የማይቀር ነው። ስለዚህ ወላጅ ራሱን የሚወቅስበት ምክንያት የለም፤ በጀርባ ማስተኛቱንም በዚህ ሰበብ መተው አይገባም።

የሚከተለው ቅደም ተከተል ሄልሜት፣ ማለትም የተጠፈጠፈውን ራስ ቅርጽ ለማስተካከል በሕፃኑ ራስ ልክ የሚሠራው ጠንካራ ቆብ፣ በሰፊው በሚታዘዝበት በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የተዘጋጀ ነው።

አንደኛ፦ እያንዳንዱን ሕፃን ለየብቻ ያስመርምሩ

መንታዎችን የሚያሳድግ ወላጅ ዓይኑ ሳያስበው አንዱን ልጅ በሌላው ይለካል፤ የአንደኛው ራስ በጣም ከተጠፈጠፈ የሁለተኛው መካከለኛ ችግር ጤናማ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪሙ ሁለቱንም በየራሳቸው እንዲለካ ይጠይቁ። እቤትም ፀጉራቸውን አርጥበው ከአናታቸው በላይ ሆነው በየሳምንቱ ፎቶ ያንሷቸው፤ ተመሳሳይ መንታዎች ከሆኑ ፎቶው ላይ ስም መጻፍን አይርሱ።

ሐኪሙ ሁለት ነገሮችን ማጣራት አለበት። የመጀመሪያው ክራኒዮሲኖስቶሲስ ነው፤ ይኸውም የራስ ቅል መገጣጠሚያዎች ያለጊዜያቸው የሚዘጉበትና አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ በሄልሜት ብቻ የማይስተካከል ችግር ነው። ሁለተኛው ቶርቲኮሊስ የሚባለው የአንገት ጡንቻ መኮማተር ነው። ሕፃኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር ከሆነ ፊዚዮቴራፒ ካልጀመረ በቀር ሄልሜቱ የሚያስተካክለውን አንገቱ መልሶ ያበላሸዋል።

ሁለተኛ፦ ከሄልሜቱ በፊት አቀማመጥን ይለውጡ

ብዙ ኢንሹራንሶች ሄልሜት ከመፍቀዳቸው በፊት ቤተሰቡ ለሁለት ወር ያህል አቀማመጥ በመቀያየር እንደሞከረ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሕፃናቱ ነቅተው ሳሉ፣ ሰው እያያቸው፣ በቀን ደጋግመው በሆዳቸው ያስተኟቸው። ሕፃን ወደሚያየው ነገር ይዞራል፤ መንታ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያየው ወንድሙን ወይም እኅቱን ነው፤ ስለሆነም አልጋዎቹ ጎን ለጎን ከሆኑ የጭንቅላታቸውን አቅጣጫ በየቀኑ ያቀያይሩ። አልጋቸው ግን የየራሳቸው ይሁን። ጡጦ ሲያጠቡም የሚይዙበትን ክንድ ይለውጡ፤ ከጉዞ ውጭ በመኪና ወንበር ላይ አያቆዩአቸው። አንገታቸው ከጠና በኋላ በአንቀልባ ተራ በተራ ማዘል ራሳቸውን ከጠንካራ ነገር ላይ ስለሚያነሣ ከሚገዙት መሣሪያዎች ብዙዎቹን ያስንቃል። የራስ ቅርጽ ያስተካክላል ተብሎ የሚሸጠውን ትራስ ግን አይግዙ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022 እንደዚህ ያሉ ትራሶች የመታፈን አደጋ እንዳላቸው አስጠንቅቋል።

የሚያደርጉትን ሁሉ ለእያንዳንዱ ልጅ በተለየ ደብተር ይመዝግቡ።

ሦስተኛ፦ ስለ ሄልሜቱ ለየልጁ ይወስኑ

ሄልሜቶቹ በአሜሪካ የተፈቀዱት ከ3 እስከ 18 ወር ላሉ ሕፃናት ሲሆን፣ ራስ በፍጥነት በሚያድግበት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቢጀመር የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ልጆች ዕድሜው የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

በጉዳዩ ላይ ባለሙያዎች አንድ አሳብ የላቸውም። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 84 ሕፃናትን ያሳተፈ ጥናት ሄልሜት ባደረጉትና ባላደረጉት መካከል በ2 ዓመታቸው ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ነገር ግን ጥናቱ ቶርቲኮሊስ ያለባቸውን፣ ከ36 ሳምንት በፊት የተወለዱትንና በጣም የከፋ ጠፍጣፋነት ያላቸውን አላካተተም፤ ከመንታዎች ብዙዎቹ ደግሞ ከእነዚህ ወገን ናቸው። የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት መመሪያ አቀማመጥ መቀያየሩና ፊዚዮቴራፒው ካልበቃ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ችግር ላለባቸው ሕፃናት ሄልሜትን ይመክራሉ። በእኔ ግምት ችግሩ ቀላል ለሆነበት ልጅ “ወንድሙ ስላደረገ” ብሎ ሄልሜት ማድረግ ትርፉ ድካም ነው።

ወጪውም ይታሰብ። አንድ ሄልሜት ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 4,000 ዶላር ይጠይቃል። ኢንሹራንሱ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን ሊከለክል ስለሚችል ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ማመልከቻና ልኬት ያቅርቡ፤ ከከለከለ ይግባኝ ይበሉ፤ ክሊኒኩንም ለሁለተኛው ሄልሜት ቅናሽ እንዳለው ይጠይቁ።

አራተኛ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት በጥንቃቄ ያሳልፉ

ሄልሜት የሚደረገው በቀን 23 ሰዓት ነው፤ ወደዚያ የሚደረሰው ግን ሄልሜቱን የሚሠራው ባለሙያ በሚሰጠው መርሐ ግብር ሰዓቱን ቀስ በቀስ በመጨመር ነው። በወለቀ ቁጥር ቆዳውን ይመልከቱ። ቅላት ቢታይና በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢጠፋ የሚያሳስብ አይደለም፤ ካልጠፋ ወይም ቆዳው ከተላጠ ሄልሜቱን አውልቀው ለባለሙያው ይደውሉ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ስለሚያልባቸው ልብሳቸውን አንድ ድርብ ይቀንሱ። ትኩሳት ሲይዛቸው ሄልሜቱ ይወልቃል።

ከተቻለ የሁለቱ አጀማመር በጥቂት ቀናት ይለያይ። ሁለት አዲስ ሄልሜት በአንድ ሌሊት መልመድ ለሕፃናቱም ለወላጆቹም ይከብዳል።

አምስተኛ፦ ነፃዋን ሰዓት ያቅዱባት

ሄልሜት በሚወልቅባት በአንዲቱ ሰዓት ውስጥ ገላ ይታጠባሉ፣ ሄልሜቱ ይጸዳል፣ ልጆቹም ባዶ ራሳቸውን ይታቀፋሉ። በቤት ውስጥ ሁለት አዋቂ ካለ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማታ ማውለቅ ይቀላል፤ ብቻዎን ከሆኑ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ያውልቁ። የውስጡን ክፍል ባለሙያው ባዘዘው ማጽጃ፣ አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ አልኮል ባለው፣ ጠርገው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መልሰው አያድርጉት።

እያንዳንዱ ሄልሜት የሚሠራው በአንድ ሕፃን ራስ ልክ ስለሆነ መለዋወጡ ቆዳ ያቆስላል፣ ቅርጹንም ያበላሻል። ስለዚህ ቀለማቸው የተለያየ ይሁን፣ በውስጣቸውም ስም ይጻፍባቸው፤ በሌሊት በእንቅልፍ ልብ የሚያደርግላቸው ሰው ይህን ያመሰግናል። አያት ከአገር ቤት መጥተው እርግብግቢታቸውን ቅቤ ለመቀባት ቢነሡ፣ ሕክምናው እስኪያልቅ እንዲታገሡ በአክብሮት ያስረዷቸው፤ ቅባት በሄልሜት ሥር ሙቀት ይይዛል፣ የውስጡንም ስፖንጅ ያቆሽሻል።

ስድስተኛ፦ ክትትሉን እስከ መጨረሻው ይዝለቁ

የራሳቸው እድገት ስለሚለያይ ባለሙያው ሄልሜቱን በየጊዜው ከውስጥ እየላገ ያስፋዋል። የሁለቱን ቀጠሮ ተከታትሎ እንዲውል ያስይዙ። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ይወስዳል፤ አንዱ ቀድሞ ቢጨርስ ሌላው በራሱ መርሐ ግብር ይቀጥላል። መዳህ በጀመሩ ጊዜ ደግሞ ሄልሜት ያደረገው ያላደረገውን በግንባሩ እንዳይመታ ብቻቸውን አይተዉአቸው። ለቶርቲኮሊስ የታዘዘው የአንገት እንቅስቃሴ ከሄልሜቱ ጋር አብሮ አይቆምም፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ይበቃል እስኪል ድረስ በየዕለቱ ይሠራል።