ወጣ ገባ ማሳ ላይ የማይዘል ቢቢኤም

ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠግብ ያብጥና ይደፈናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝናብ ላዩ ላይ ይተኛል። ጊንጪ፣ ደጀን ወይም እነዋሪ ያደገ ሰው ይህን አይስተውም። እነዋሪ ላይ ውሃው በጎን ባለው ቦይ እንዲወጣ፣ ዘሩ የሚያርፍበትን ከፍ ያለ ሰፊ መደብ እናቶችና ልጆች ጭምር በእጃቸው አፈር እያፈሱ ሲሠሩት ኖረዋል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ቢቢኤም፣ ማለትም መደቡንና ቦዩን የሚያወጣው በበሬ የሚጎተት መሣሪያ፣ ይህን ድካም ወደ በሬ ያዞረ ትልቅ ነገር ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። ብየዳ ቤት ስላለኝ ግን የገበሬውን ቅሬታ በየዓመቱ እሰማለሁ፦ «ሜዳ ላይ ጥሩ ነው፣ ወጣ ገባ ላይ ይዘላል።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለ ሁለት ማረሻው ዓይነት በአግዳሚ ድርቅ ብሎ የታሰረ ነው። አንዱ ማረሻ ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ሌላው ከመሬት ይነሳል። ቦዩ እዚያ ጋ ይቋረጣል፤ ውሃውም እዚያው ይቆማል።

ስለዚህ አግዳሚውን እናላላው። ጫፍና ጫፉ ላይ ወፍራም ላሜራ አቁማችሁ በይዱ። ላሜራው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ፣ አራት ጣት ያህል ርዝመት ያለው ሞላላ ቀዳዳ በትራፓኖ ክፈቱና በሞረድ አስተካክሉት። ማረሻዎቹን በዚህ ቀዳዳ በኩል በወፍራም ብሎን እሰሯቸው፤ በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ ይግባ። ብሎኑን አታጥብቁት፣ ማረሻው ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። እንዳይወልቅ በላዩ ሁለተኛ ዳዶ ጨምራችሁ ዳዶውን በዳዶ ቆልፉት። አሁን አንዱ ሲወርድ ሌላውን ይዞት አይነሳም።

መደቡ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ነው። ከማረሻ እስከ ማረሻ 120 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ልኬት አትንኩት። ከኋላ ያለው ሰንሰለት ግን ከዚህ ሁለት ስንዝር ያህል ይርዘም። የተወጠረ ሰንሰለት ጉብታው ላይ ብቻ ያርፋል። የላላው ግን ወደ ጎድጓዳው ረግቦ አፈር ይዞለት ይገባል፣ ዘሩንም ያለብሳል። ክብደት አትጨምሩ፣ በሬዎቹን እዘኑላቸው።

የመሣሪያው ነገር ይህ ነው። የቀረው የመስመሩ ነው፣ ብዙ ሰው የሚቸኮልበትም እዚህ ጋ ነው። ቀጥ ያለ ቦይ ያምራል፣ ወጣ ገባ ማሳ ላይ ግን አይሆንም። 10 ሜትር ሲባጎና ሁለት እንጨት ያዙ። ሲባጎውን በላይኛው እንጨት 1 ሜትር ከ50 ላይ፣ በታችኛው 1 ሜትር ከ55 ላይ እሰሩ። መሃሉ ላይ ትንሽ ውሃ ልክ አንጠልጥሉ። የታችኛውን ሰው ወዲህ ወዲያ አዙሩትና አረፋዋ መሃል ስትቆም እግሩ ሥር አመድ ነስንሱ። ቦዩ በዚያ አመድ መስመር ይሄዳል፣ ቢጠማዘዝም ይጠማዘዝ። በ10 ሜትር ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር መውረድ በቂ ነው። ከዚያ ካነሰ ውሃው ይተኛል፣ ከበለጠ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። በሬዎቹ መስመሩን እንዲለምዱ መጀመሪያ በተራ ማረሻ አንዴ ሂዱበት።

አፈሩን ጨብጡና እጃችሁ ላይ ከተለጠፈ ያን ቀን አትውጡ። አፈሩን ወደ መደቡ የሚገፋው የቢቢኤሙ ክንፍ ላይ ጭቃ ከተጋገረ የፈለገ ማሻሻያ ዋጋ የለውም። ሲመች ዘርና ማዳበሪያውን በትናችሁ በቢቢኤሙ ሸፍኑት።

ደግሞ አደራ፣ ከመዝራታችሁ በፊት ውሃው የት እንደሚወጣ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ከእኔ ማሳ የወጣ ውሃ የእሱን ሽንብራ ካበሰበሰ ምኑን ሠራሁት? በድንበሩ በኩል ሣር የለበሰ የጋራ ማፋሰሻ ቢኖር ለሁላችሁም ይበጃል።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ዶማ ይዛችሁ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት። አንዳንድ ቦታ ውሃው ይቆማል፤ በሳምንቱ አጠገቡ ያለው ስንዴ የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ቦዩን እዚያ ጋ በዶማ ክፈቱትና ችካል ትከሉ። በበጋ አፈር የምትሞሉት ችካሉ ያለበትን ቦታ ነው።