ማድ ማክስን ያለ ጥፋቱ የሚያስጠሉ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ጌም ቤት ብትገቡ ስክሪኑ ላይ ያለው ይታወቃል። ኳስ ነው። ኳስ ካልሆነ ጂቲኤ፣ ከተማ ውስጥ መኪና እየሰረቁ የሚጫወቱት ጌም፣ ነው። አልፎ አልፎ ማድ ማክስን፣ የበረሃ የመኪና ውጊያ ጌሙን፣ የሚከፍት ልጅ አይጠፋም፤ እሱም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው "ይሄማ ይደብራል" ብሎ ይዘጋዋል።

ጌሙ ዕድለ ቢስ ነው። የሠራው፣ ጀስት ኮዝ የተባለውን ጌም የሠራው የስዊድኑ አቫላንች ስቱዲዮስ ነው። የወጣው ነሐሴ 26 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ቀን ሜታል ጊር ሶሊድ 5 የተባለው ጌምም ገበያ ላይ ዋለ። ወሬው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ማድ ማክስ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም፤ አለው፣ እነግራችኋለሁ። ግን ብዙ ሰው የሚሰለቸው በጌሙ እንከን ብቻ ሳይሆን በራሱ አጨዋወትም ነው። የአጨዋወት ስህተቶቹ እነሆ።

እንደ ጂቲኤ መጫወት

ከተማ የለም። ፖሊስ የለም። የሚሰረቅ ቆንጆ መኪና፣ የሚከፈት ሬዲዮ፣ የሚገባበት ሱቅ የለም። ማክስ መጀመሪያ ላይ መኪናውን ይነጠቃል። ከዚያ ቻምበኬት ከሚባል ጎባጣ መካኒክ ጋር ሆኖ ማግነም ኦፐስ የተባለችውን መኪና ከባዶ ቻሲ ተነስቶ ይገነባል። ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው። ዋናዋ ተዋናይ መኪናዋ ናት፤ ማክስ ሾፌሯ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው መገበያያውን የት እንደሚያውል ያውቃል። ጌሙ ውስጥ ብር የለም፤ የሚሰበሰበው ቁርጥራጭ ብረት ነው። ማክስ የበረሃ ቆራሌው ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ጀማሪ ሁሉ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ያገኘውን ብረት የማክስ ጃኬትና አጭር ጠመንጃ ላይ ይጨርሰዋል። ጥይት እንደሆነ ብርቅ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ተኩሳችሁ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ብረቱን መጀመሪያ ሃርፑኑ ላይ አውሉት። ሃርፑን ማለት ከመኪናዋ የሚወነጨፍ ባለገመድ መንጠቆ ነው። የጠላትን ጎማ ይነቅላል። ሾፌሩን ከመቀመጫው መንጭቆ ያወጣል። የካምፕ በር ይገነጥላል፣ ማማ ይጥላል። ቀጥሎ የፊት መግጫውንና የብረት ልብሷን፣ ከዚያ ሞተሩን አሳድጉ። ሃርፑኑ ደህና ደረጃ ላይ ሲደርስ ጌሙ ሌላ ጌም ይሆናል። በአራት መኪና ተከባችሁ፣ አንዱን ገጭታችሁ፣ የሌላውን ጎማ ነቅላችሁ፣ አቧራው ውስጥ ስትጠፉ ያለው ስሜት እስካሁን በሌላ ጌም አላጋጠመኝም።

ካርታውን ጥርግ አድርጎ ለመጨረስ መሮጥ

የጌሙ ትልቁ እንከን እዚህ ነው፤ ላስተባብልለት አልሞክርም። ካርታው በምልክት የታጨቀ ነው። ካምፕ አለ፣ ጠላት ያቆመው ማስፈራሪያ ምሰሶ አለ፣ ተኳሽ የተቀመጠበት ማማ አለ፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚለቀምበት ትንንሽ ፍርስራሽ ደግሞ ለጉድ ነው። አምስተኛውን ፍርስራሽ ከፈተሻችሁ ሃምሳኛውን አይታችሁታል። የካምፕ አለቆቹም እንደዚያው ናቸው። መዶሻ የያዘ ግዙፍ ሰው እየተንደረደረ ይመጣል፤ ገለል ትላላችሁ፣ ከኋላ ትመቱታላችሁ። ስሙ ይቀየራል እንጂ ሰውየው አይቀየርም። ሠሪዎቹ ግማሹን ቢቀንሱት ኖሮ ዛሬ ስለ ጌሙ የሚወራው ሌላ ይሆን ነበር ባይ ነኝ።

ስለዚህ መቶ በመቶ የሚባለውን እርሱት። በሙቅ አየር ወደሚነሳው ፊኛ ወጥታችሁ በባይኖኩላር አካባቢውን ቃኙ። ወደ ሚሽኑ፣ ታሪኩን ወደሚያራምደው ተልዕኮ፣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ብቻ ምረጡ።

ሁሉንም መዝለልም አይሆንም። በየአካባቢው የስክሮተስን፣ የዋናውን ጠላት፣ ጉልበት በቀነሳችሁ ቁጥር አዳዲስ የመኪና ዕቃ ይከፈትላችኋል። እዚህ ላይ ብልጠቱ ከማስፈራሪያ ምሰሶዎቹ መጀመር ነው። ከመኪና ሳትወርዱ በሃርፑን ጎትታችሁ ትጥሏቸዋላችሁና ቶሎ ያልቃሉ።

ሚሽን ብቻ ማሳደድ

ታሪኩ መሃል ላይ ይሳሳል። ወዲያ ላክ፣ ወዲህ አምጣ ይበዛበታል። መጨረሻው ግን ጠንካራ ነው፤ አልነግራችሁም። ለማንኛውም፣ ሚሽን ብቻ እያሳደደ የሚሮጥ ሰው ሩቅ አይደርስም። ጌሙ ራሱ "መኪናህን ይህን ያህል ሳታሳድግ አታልፍም" ብሎ ያቆመዋል።

ከቦታ ቦታ እየዘለሉ መጓዝ

ፊኛና የወዳጅ ምሽግ ወዳለበት ሁሉ በአንድ በተን መዝለል ይቻላል። አታብዙት። የጌሙ ምድር የደረቀ የባሕር ወለል ነው። አሸዋው መሃል ላይ የመርከብ ስባሪ ታያላችሁ፣ ድንጋይ የሆነ ኮራል ታያላችሁ። በአሸዋ የተዋጠ ኤርፖርትም አለ። ጉትጋሽ የሚባለው ሰው ምሽጉን የሠራው መርከብ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ውሃው ይመለሳል ብሎ ይጠብቃል። ከግሽ ዓባይና ከጮቄ አገር ለመጣ ሰው ይህን መጫወት እንዴት እንደሚከብድ እናንተው ፍረዱ። እኔ በበኩሌ ከሁሉም ጌሞች በረሃን እንዲህ አሳምሮ የሠራ አላየሁም። ፎቶ ማንሻም አለው፤ ተጠቀሙበት።

ምሽጉን ችላ ማለት

በየክልሉ የሚረዳችሁ አንድ የምሽግ አለቃ አለ። ዕቃ እያመጣችሁ ምሽጉን ታሻሽሉለታላችሁ። ብዙ ሰው "ለእሱ ቤት እኔ ምን አገባኝ" ብሎ ያልፈዋል። ጥቅሙ ለእናንተ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው ከተሠራ ኮዳችሁ ይሞላል። ማክስ ከጉዳቱ የሚያገግመው ደግሞ በአብዛኛው በውሃ ነው። የጥይት ግምጃ ቤቱ ጥይታችሁን፣ የነዳጅ ጉድጓዱ ታንከራችሁን ይሞላሉ። መጀመሪያ የሚሠራው ግን የጽዳት ቡድኑ ነው። ያወደማችሁትን መኪና ብረት ወርዳችሁ ሳትለቅሙ ራሱ ይሰበስብላችኋል። በየምሽጉ እንደ አዲስ መሥራት እንዳለባችሁ አትርሱ።

በነገራችን ላይ ነዳጅ ያልቃል ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። ጌሙ እንደሚያስፈራራው አይደለም፤ መኪናዋ ብዙ አትጠጣም። ይህም ከእንከኖቹ አንዱ ነው። ስለ ነዳጅ እጥረት የሚያወራ ጌም ነዳጅ ካላስጨነቀ ምኑን ተወራ?

ጆይስቲክ መቀጥቀጥ

በእግር ሲሆን ድብድቡ ቀላል ነው። አንዱ በተን ይመታል፣ ሌላው ይመክታል። መምቻውን ብቻ የሚቀጠቅጥ ሰው በሦስት ሰው ይከበባል። የጠላት ራስ ላይ ምልክት ሲበራ መክቱ፣ ከዚያ ምቱ። ሌላ ጥበብ የለውም።

ማዕበል ሲመጣ ሁልጊዜ መደበቅ

የአሸዋው ማዕበል ይገድላል፣ መብረቅም አለው። ነገር ግን ብዙ ብረት የያዙ ሳጥኖችን ይዞ ይበራል። መኪናችሁ ጠንካራ ከሆነች ግቡበት። ደካማ ከሆነች ግን ወደ ምሽግ ሩጡ።

ፈንጂ በማግነም ኦፐስ መፈለግ

የተቀበረ ፈንጂ የሚያሸተው ዲንኪ ዲ የሚባለው ውሻ ነው። እሱን የምትጭኑት የቻምበኬት አሮጌ መኪና ላይ ነው። ለፈንጂ ፍለጋ እሷን ውሰዱ፣ ለውጊያ ግን አትውሰዷት። ወረቀት ናት።

ሴቭ ሳያደርግ መብራት እንዲሄድ መፍቀድ

ጌሙ ራሱ ነው ሴቭ የሚያደርገው። መብራት በሚሄድበት ሰሞን ካምፕ መሃል ላይ አትቆዩ፤ የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ ምልክቱ እስኪታይ ጠብቁ። ጌም ቤት የምትጫወቱ ከሆነ ፕሌይስቴሽኑ ላይ የራሳችሁን ዩዘር አስከፍቱ። ያለዚያ ነገ ስትመጡ ሌላ ልጅ በእናንተ መኪና ሲጋጭ ታገኙታላችሁ። ለሰዓት መክፈል ካላዋጣችሁ ጓደኛ ጋር ብትጫወቱት ይሻላል፤ ጌሙ ለብቻ የሚጫወቱት ነውና በየተራ ይሆናል።

በኮምፒውተር የምታስቡ ደግሞ 32 ጊጋባይት ቦታ፣ ቢያንስ 6 ጊጋባይት ራምና ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋችኋል። የቢሮ ላፕቶፕ ላይ ለመጫን አትድከሙ።