ገበሬ፣ ወታደር፣ ከዚያ ሕግ አውጪ፦ የአንድ አሜሪካዊ የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ከምክር ቤቱ ጀምር። ብዙ ሰው ጦርነቱ ስለሚጥመው ወደዚያ ይሮጣል፤ ግን ሰውየው ምን ሕግ እንዳቀረበና እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይህ የግዛቱ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ነው። ደመወዙንም እይ። ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ለአንድ አባል የሚከፈለው በዓመት 100 ዶላር ነው (አዎ፣ በዓመት!)፣ ስለዚህ ተመርጦም ማረሱን ባይተው አይግረምህ።

ለውትድርናው ሴንት ሉዊስ ያለውን የብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1973 እሳት ተነስቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ስላወደመ፣ ሰውየው ከ1912 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ከምድር ጦር ተሰናብቶ ከሆነ ፋይሉ ላይገኝ ይችላል። ያኔ የመሰናበቻ ወረቀቱን በካውንቲው መዝገብ ቤት ፈልግ፤ ብዙዎች እዚያ ያስመዘግቡት ነበር።

እርሻው ይቀላል። የመሬት ውልና የግብር መዝገብ በቂ ነው። ከ2022 ጀምሮ ክፍት የሆነው የ1950 የሕዝብ ቆጠራም ሥራውን ምን ብሎ እንዳስመዘገበ ይነግርሃል። የምርጫ ፖስተሩን ግን ዝም ብለህ አትመን። ድምፅ ፈልጎ «እኔ ተራ ገበሬ ነኝ» የማይል ማን አለ? የመሬቱን ስፋት ከውሉ ጋር አመሳክር።