«ግንባታ ጀምረናል» ከማለታችሁ በፊት

የእህቴ ባል በሊዝ ያገኘው ቦታ ላይ ሁለት ሲኖ ድንጋይ አስራገፈ። በቆርቆሮ አጠረ፣ ጥበቃ ቀጠረ። «ግንባታ ጀምረናል» ብሎን ቡና ተፈልቶ መረቅነው። ከወራት በኋላ ግን «ግንባታ ስላልጀመሩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ደብዳቤውን ሊቀደው ምንም አልቀረው።

ደብዳቤው ትክክል ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 «ግንባታ መጀመር» ምን እንደሆነ ራሱ ይተረጉማል። ቢያንስ መሠረቱ ተሠርቶ የኮለን (የምሰሶ) ብረቱ መቆም አለበት። ድንጋይ ማራገፍና ማጠር ከዚህ ውስጥ የሉም።

እኔ የቤት ፕላን ነው የምሠራው። ከዚያ ወዲህ እርሳስ ከማንሳቴ በፊት የትርጓሜውን አንቀጽ እከፍታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንቀጽ 2 ነው። እናንተም ሕጉን ከደላላ አፍ አትስሙ፤ ነጋሪት ጋዜጣውን ፈልጉ። በኋላ ያሻሻለው ወይም የሻረው አዋጅ ካለ ደግሞ እሱን ያዙ። በግራ በኩል ያለውን አማርኛ አንብቡ፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ከተጋጨ የሚጸናው አማርኛው ነው።

ቃላችሁን ስታገኙት «ቢያንስ»፣ «እና» እና «ወይም» የሚሉትን አክብቡባቸው። ጣጣው ያለው እዚያ ነው። አንድ ደንበኛዬ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ሊሠራ መጣ። «ባለ አንድ ወለል ናት፣ ምድብ ሀ ናት» ብሎ ድርቅ አለ። እውነትም ሕንፃዎችን በምድብ የሚከፍለው የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በኮለኖቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ቤትን «ሀ» ውስጥ ያስገባ ነበር። ምድብ «ሐ»ን ሲተረጉም ግን የሕዝብ መገልገያ ወይም የተቋም ሕንፃ፣ ፋብሪካ ወይም ወርክሾፕ፣ ወይም ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ይል ነበር። «ወይም» ካለ አንዱ ይበቃል። ቁመቷ ምንም ያህል ቢያጥር፣ ወርክሾፕ ናትና «ሐ» ገባች። ሰውዬው ያሰበው ወጪም አብሮ ተለወጠ።

የአንቀጹን መግቢያም አትዝለሉት። «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ» ይላል። «በዚህ አዋጅ» ነው ያለው! የሊዙን ትርጉም ይዛችሁ የሕንፃ ፈቃድ መስኮት ላይ አትከራከሩ።

ቃሉ ከነጭራሹ ካልተተረጎመስ? ደንቡንና መመሪያውን እዩ። እዚያም ከሌለ በማመልከቻ ጠይቁ፣ መልሱንም ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ተቀበሉ። «ችግር የለውም፣ ሥራ» ያላችሁ ሰው በማግስቱ ሊዛወር ይችላል።

የእህቴ ባል ቀኑ ሳያልፍበት መሠረቱን አወጣ። የኮለኑ ፌሮ የቆመ ዕለት ፎቶ ላከልኝና «አሁንስ?» አለኝ።

«አሁን አዎ» አልኩት።